ስም ጠያቂዋ

ውሃ የሚወስደው ዋና የማይችለውን ነው ይባላል። ውሸት ነው። ዋና የማይችል ሰው ውሃ አጠገብ አይደርስም፤ ቢደርስም እግሩን ነክሮ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። እኔ ባደግኩበት በሚዛን ተፈሪ ወንዝ የበላቸው ልጆች ሁሉ ጎበዝ ዋናተኞች ነበሩ። ለቅሶ ቤት የተቀመጡት አዋቂዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ «እንደ ዓሣ ነበር እኮ የሚዋኘው!» ይሉ ነበር፤ የገደለውም ይኸው ሊሆን እንደሚችል ለአንዳቸውም አይታያቸውም። እንደ ዓሣ የሚዋኝ ሰው ዓሣ አለመሆኑን የሚረሳበት ሰዓት አለ። የምጽፈው ስለዚያች ሰዓትና ሰዓቷን ከሁላችን ይልቅ ስለምታውቅ አንዲት ሴት ነው።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ኅዳር ከቴፒ ወደ ሚዛን ስንመጣ ነስሩ የመኪናውን መስኮት ከፈተው። ነስሩ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ አባቱ ከጅማ መጥቶ ሚዛን ሱቅ የከፈተ፣ እሱ ራሱ ዛሬ ቴፒ ውስጥ ስልክና የሶላር ዕቃ የሚሸጥ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚታገል ሰው። በመስኮቱ የገባው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሽታ ነበር። ስለ ቡና መዓዛ የሚያወሩ ሰዎች ይህንን አያውቁትም። ቀይ ቡና ተፈልፍሎ ልጣጩ ሲከመርና ሲቦካ የሚወጣው ሽታ ከተቆላ ቡና ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የአተላ፣ የበሰበሰ ሙዝና የእርጥብ ጆንያ ድብልቅ ነው። ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል።

«እትዬ አስካለ» አለ ነስሩ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

«ዝም በል» አልኩት።

«ክንዴን እዪው፣ ጸጉሩ ቆሟል።»

ሁለታችንም ወደ ሃምሳ እየተጠጋን ነው። ነስሩ መስኮቱን መልሶ ዘጋው።

ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች የሚወስደውን መንገድ ይዞ ጥቂት የሄደ ሰው የትልቁን ቡና እርሻ ማጠቢያ ጣቢያ ያገኝ ነበር። ከጣቢያው ከፍ ብሎ፣ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ቱቦውን በዘረጋበት ቦታ፣ ወንዙ ከአለት ወርዶ ክብ ጉድጓድ ሠርቷል። «ድስቱ» እንለው ነበር። ዳር ዳሩን የዛፍ ሥር ከቦታል፤ መሐሉ ጥቁር ነው። ጥቁረቱ የቆሻሻ አይደለም፤ በእፍኝ ብትቀዱት እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። ዛፎቹ ከላይ ተቃቅፈው ፀሐይ ስለማያስገቡ ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉሬዛዎች ከጫካው ያጓራሉ፤ ፓምፑ ሲጠፋ ደግሞ ድንገት የሚወርደው ጸጥታ ጆሮ ላይ ይጫናል። ሌሎች ልጆች ኳስ ነበራቸው። እኛ የነበረን ድስቱ፣ የተጣፈ የመኪና ካላማዳሪያ፣ ዳር ላይ በገመድ የታሰረ ግንድና ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የቆርቆሮ ኩባያ ነው። ኩባያውን መሐል ላይ እንጥለዋለን፤ እየተወዛወዘ ሲወርድ እናየዋለን፤ ከዚያ አናየውም። ጠልቆ ያወጣው ያሸንፋል። ሁለት ሰዎች ካወጡት፣ ታች ብዙ የቆየው ያሸንፋል።

እትዬ አስካለ ከድስቱ ዳር ካለው ሾላ ሥር ትቀመጥ ነበር። ሥራዋ የተቀደደ የቡና ጆንያ መጣፍ ነው። ሌሎቹ ጠጋኝ ሴቶች መጋዘኑ በረንዳ ላይ ተሰብስበው እየተሳሳቁ ይሠራሉ፤ እሷ ግን ድርሻዋን በጀርባዋ ተሸክማ እስከ ድስቱ ትወጣለች። ጣት በሚያህል መርፌና በሲባጎ ትሰፋለች። ያስፈራን የነበረው መርፌው አይደለም። ስትሰፋ እጇን አታይም። መርፌው በራሱ ፈቃድ የሚሄድ ይመስል ይወጣል፣ ይገባል፤ ዓይኗ ግን ውሃው ላይ ነው። ከመሐላችን አንዱ ጠልቆ ከሆነ፣ እስኪወጣ ድረስ ዓይኗን አታርገበግብም። ነስሩ አንድ ቀን ሊያረጋግጥ ፊቷ ላይ እጁን አወዛወዘ። በመርፌው ጀርባ ጭኑን ወጋ አድርጋ፣ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል «ዞር በል፣ መስታወት አይደለህም» አለችው።

ከዚያ የጠለቀው ልጅ ብቅ ይላል፤ ግንዱን ይይዛል፤ ያን ጊዜ ትጠይቃለች።

«ስምህ ማነው?»

ሁልጊዜ፣ ሁሉንም። ትናንት የጠየቀችውን ዛሬም። አሁን ጠይቃው የመለሰላት ልጅ ተመልሶ ጠልቆ ሲወጣ፣ እንደ አዲስ። እስኪመልስላት መርፌዋ ይቆማል።

ሚዛን የልዩ ልዩ ሰው ከተማ ናት። ከሸዋና ከጎንደር የመጣው፣ ከጅማ የመጣው፣ ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ከፋው በሠርግ ወጉም በለቅሶ ወጉም አይገጥምም፤ ስለ መሬትና ስለ ቡና ዋጋ ሲከራከር ይውላል። በእኔ ልጅነት በአንድ ነገር ብቻ ቃሉ አንድ ነበር፦ ውሃ ላይ የሰው ስም አይጠራም። ወንዙ ይሰማል፤ የሰማውን ስም ይይዛል፤ አንድ ቀን ራሱ ይጠራዋል። በሌላው ጉዳይ እንዲህ ብንስማማ ኖሮ አስፋልቱ ቀደም ብሎ በደረሰን ነበር። እኛም ልጆቹ ድስቱ ላይ የምንጠራራው በፉጨት ነበር። ስለዚህ አንዲት ብቸኛ ሴት ውሃ ዳር ቁጭ ብላ የልጆች ስም ትለቅማለች የሚለው ወሬ ሲደርሳቸው፣ እናቶቻችን ብዙ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። እትዬ አስካለ ለወንዙ ትሠራለች፤ አለቀ።

እናቴ ወንዝ አትውረጂ ማለት እንደማያዋጣት ገብቷታል፤ ልብሳችንም የሚታጠበው እዚያው ነው። እሷ ያዋጣኛል ያለችው ማስማል ነው። ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ጸጉሬን እየሠራች፦

«ብትጠይቅሽ ምን ትያለሽ?»

«ምንም።»

«ብትለማመጥሽስ?»

«ምንም።»

«ከረሜላ ብትሰጥሽስ?»

«ከረሜላውን እወስድና፣ ምንም።»

በሚዶው አናቴን መታ አደረገችኝ።

ሌሎቹ ልጆች በውሸት ስም ይገላገሏት ነበር። ነስሩ ብቅ ባለ ቁጥር «የቀበሌው ሊቀመንበር ነኝ» ይላታል። አትቆጣም። «እሺ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ አረፍ በል እንግዲህ» ትለውና መርፌዋ ጉዞውን ይቀጥላል። ስም የምትሰበስብ ሴት በውሸት ስም እንዴት ትረካለች ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ ግን መሐላዬን ጠብቄ ዝም ነበር የምለው። ያን ጊዜ መርፌው አየር ላይ ይቀራል፤ ከግንዱ ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ ልብሴ እስክሄድ ድረስ ዓይኗ ይከተለኛል። «አንቺ ዝምተኛ፣ አንድ ቀን ትገድይኛለሽ» ትለኝ ነበር። እኔ የገባኝ ተገላቢጦሹ ነው።

ሌላም ጠባይ ነበራት። ጉንፋን የያዘውን ልጅ ከመጥለቁ በፊት ጠርታ አፍንጫውን ታስነፋዋለች፤ አንደኛው ወገን ከተዘጋበት «ጆሮህ ይፈነዳል፣ ዛሬ ፍየል ጠብቅ» ብላ ታባርረዋለች። ፓምፑ እየሠራ ወደ ቱቦው የቀረበ ልጅ ላይ ዱላ ታነሣለች። ከሁሉ የምትጠላው ግን «ወናፍ» ያልነውን ነው። ከመጥለቃችን በፊት ቶሎ ቶሎ፣ በኃይል፣ ራሳችን እስኪዞር እንተነፍስ ነበር። አየር የምናከማች መስሎን ነው፤ ጆንያ ሲሞላ እያየ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ያስባል! ወናፉን የጀመረ ልጅ ላይ ጠጠር ትወረውራለች።

«እንደ ውሻ አታለክልክ! እንቁራሪቷን ታስተኛታለህ!»

እንቁራሪቷ የምንላት፣ ትንፋሽ ይዞ የቆየ ሰው ደረቱ ሥር የሚዘልበትን ነገር ነው። ስትዘል መውጣት ነው። ወናፍ የነፋ ልጅ ግን እንቁራሪቷ ቆይታ ነው የምትመጣበት፤ ስለዚህ ያሸንፋል። «እሷን አታስተኟት» ትለን ነበር እትዬ አስካለ። «ቤታችሁ የምትመልሳችሁ እሷ ናት።»

ያን ቀን ፓምፑ ቆሟል፤ ደመና ነበር። ነስሩ ኩባያውን አውጥቶ፣ ሊቀመንበርነቱን አስመዝግቦ፣ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይሳለቅብኛል። «ሴት ልጅ ሳንባዋ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው» አለ። እኔም ከሾላው ጀርባ ሄድኩና እትዬ አስካለ ሳታየኝ ወናፌን ነፋሁ። ጣቶቼ እስኪነዝሩኝ ድረስ ነፋሁ። ከዚያ ገባሁ።

ወረድኩ። ጆሮዬን ሲጫነኝ አፍንጫዬን ይዤ ቀስ ብዬ ነፋሁት፤ ይህንንም ያስተማረችን እሷው ናት። ኩባያው ከጭቃው ውስጥ እንደ ጥርስ ነጭ ብሎ ታየኝ። ያዝኩት። የቀረኝ መቆየት ብቻ ነበርና የዛፍ ሥር ጨብጬ እንቁራሪቷን ጠበቅኋት። አልመጣችም። ትንፋሽ ሲያጥር ያስጨንቃል የሚሉት ነገር አልነበረም። ቀዝቃዛው ውሃ ይሞቀኝ ጀመር፤ ከበላዬ ያለው ብርሃን ጠበበ፤ እየጠበበም ሲሄድ ደስ አለኝ። ከዚያ ስሜ ተጠራ። ከላይ አይደለም፤ ከጎኔ፣ በእናቴ ድምፅ፣ ጸጉሬን ስትሠራኝ በምታወጣው ዝግ ያለ ድምፅ። «ምሥራቅ።» አፌን ልከፍት ነበር። መሐላዬ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። ሥሩን ለቀቅኩ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ አይደለም፤ የነስሩ ነው። ነስሩ ታሪክ ሲያወራ በየጊዜው ይጨምርበታል፤ ይህችን ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሳይቀንስ ሳይጨምር ነው የሚነግረኝ። ብቅ አልኩ አለኝ። አንድ እጄን ግንዱ ላይ ጣል አድርጌ፣ ኩባያውን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ዓይኔ ክፍት ነበር። ፈገግ ብያለሁ። ልጆቹ ጮኹ፣ አጨበጨቡ፤ ነስሩ ሽንፈቱን ላለማየት ፊቱን አዞረ።

«ስምሽ ማነው?» አለች እትዬ አስካለ።

ዝም።

«አንቺ! ስምሽ ማነው?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ መቼም መልሼላት አላውቅማ። የእኔ ዝምታ የታወቀ ነው፤ እንዲያውም ዛሬ ይበልጥ ኮራሁ ብለው አሰቡ። እንደሳቅኩ፣ ዓይኔን እንደገለጥኩ፣ ከግንዱ ሸርተት ብዬ ወረድኩ። ውሃው አልተንቦራጨቀም። አረፋም አልነበረም። «ደግማ ልትጠልቅ ነው!» አለ አንዱ፣ በአድናቆት።

እትዬ አስካለ እግሯ እንኳ ሲረጥብ ያየ ልጅ አልነበረም። ከነሹራቧ፣ ከነኮንጎ ጫማዋ ገባች። ልጆቹ ከገመቱት በላይ ታች ቆየች። በጸጉሬ ጎትታ አወጣችኝ፤ አገጬን ከውሃው በላይ ይዛ ጉንጬን መታ መታ አደረገች፣ ፊቴ ላይ እፍ አለችብኝ፣ አሁንም ዝም ስል አፏን አፌ ላይ ገጥማ ነፋችልኝ፤ ከዚያ ጫካው እስኪመልስ ድረስ ጮኸች።

«ምሥራቅ! ተንፍሺ! ምሥራቅ!»

«ስምሽን ታውቀው ነበር» ይለኛል ነስሩ እዚህ ሲደርስ። «የሁላችንንም ታውቅ ነበር።»

ተነፈስኩ። ስነቃ ከሁሉ አስቀድሜ የሰማሁት ግን ትንፋሼን አልነበረም፤ ፉጨት ነው። ልጆቹ ልብሳቸውን እየሰበሰቡ፣ እርስ በርስ እየተፋጩ ወደ ከተማው ይሮጡ ነበር። ይዘው የሄዱትም ወሬ እትዬ አስካለ ልጅ አዳነች የሚል አይደለም። እትዬ አስካለ ውሃ ውስጥ ቆማ የምሥራቅን ስም ጠራች የሚል ነው።

በማግሥቱ ቤታችን መጣች። እኔ ሁለት ጋቢ ተደርቦልኝ መስኮቱ ሥር ተኝቻለሁ። እናቴ የአጥሩን በር ገርበብ አድርጋ በሰውነቷ ዘጋችው።

«እንዴት አደረች?»

«ይመስገነው።»

«ሳሉ ከበረታባት፣ ትንፋሽ ካጠራት ሐኪም ጋ ውሰጃት። ውሃ ሳንባዋ ገብቶ ይሆናል፤ ሲውል ሲያድር ነው የሚብሰው።»

«ስሟን ለምን ጠራሽው?»

«ታዲያ በማን ስም ልጥራት?»

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ አስካለ። የልጆቹን ስም ምን ልታደርጊበት ነው የምትለቅሚው?» አለቻት።

እትዬ አስካለ የነገረቻትን ከመስኮቱ ሥር ሰማሁት። ባሏ ምጽዋ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር፤ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መርከብ ሥር የሚሠራ። ከዚያ ወጥቶ እዚህ የፓምፕ ሠራተኛ ሆነ። ቅጠል የቱቦውን አፍ ሲዘጋው፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ያለ ምንም መሣሪያ ድስቱ ውስጥ ይጠልቅና ይጠርገዋል። እሷ ዳር ሆና ታየዋለች፤ ብቻዬን አልገባም የሚል ሰው ነበር።

«አንድ ቀን ቆየ። ቆየና ወጣ። ግንዱን ያዘ፣ ሳቀልኝ። ተመስገን አልኩ፤ ሻይ ልቀዳለት ወደ ፔርሙሱ ዞርኩ። ስመለስ ውሃው ተኝቷል። እንደ ጣውላ ተኝቷል። ሻዩን እንደያዝኩ ቀረሁ። የወጣ ሰው የተረፈ መስሎኝ ነበር፣ እመቤት። ስሙን ብጠይቀው ኖሮ አይመልስልኝም ነበር። ባለመመለሱም ገና እንዳልተረፈ አውቅ ነበር።»

እናቴ «ወደዚህ ባትመጪ ጥሩ ነው» አለችና በሩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የቀበሌ ሆነ። እናቶች ተሰብስበው አመለከቱ፤ ለእርሻው ተነገረ፤ እትዬ አስካለ ጆንያ ጭኖ ወደ ማሻ በሚሄድ መኪና ላይ ተሳፈረች። በሰፈራችን ሲያልፉ ከጭነቱ ላይ ተቀምጣ አየኋት። መዳፎቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትመለከታቸው ነበር። እጇን ስታይ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ብዙ ዓመት ቆይቼ ስለ ጠላቂዎች ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ወናፍ አየር አያከማችም። ተንፍስ፣ ተንፍስ የሚለንን ነገር የሚቀሰቅሰው የንጹሑ አየር ማነስ ሳይሆን የተቃጠለው አየር መጠራቀም ነው፤ ወናፍ የተቃጠለውን ጠርጎ ያወጣና ማንቂያውን ያፍነዋል። ሰውየው ምንም ሳይሰማው፣ እንዲያውም ደስ እያለው፣ አየሩ ያልቅበታል። ራሱን የሚስተውም አብዛኛውን ጊዜ ታች አይደለም፤ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ወይም ወጥቶ፣ እየሳቀ፣ ሰው እያጨበጨበለት ነው። በሲሊንደር የሚጠልቁትና ያለ ሲሊንደር የሚጠልቁት ሕጋቸው ብዙ ቦታ ይጣላል፤ የመጀመሪያዎቹ ወደ ላይ ሲወጡ ትንፋሽ ከያዙ ሳንባቸው ይቀደዳል፣ የሁለተኞቹ ሥራ ግን ትንፋሽ መያዝ ነው። ብቻህን አትጥለቅ በሚለው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። የወጣ ጠላቂ ደግሞ ወደ ራሱ መመለሱ እስኪታወቅ ዓይን አይነቀልበትም፤ ያጠናው ሰው የሚለው ይህንን ነው። እናቴ ያስማለችኝ ዝምታ ውሃ ውስጥ አፌን ዘግቶ አተረፈኝ፤ ውሃ ላይ ያው ዝምታ ሊገድለኝ ነበር። ስለ ባህላችን ጥበብም ሆነ ስለ ኋላ ቀርነታችን መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ይህንን ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም።

እትዬ አስካለ በሄደች በሚቀጥለው በጋ ድስቱ የታች ሰፈሩን አናጢ ልጅ ወሰደው። ኩባያውን ይዞ ወጥቶ ነበር አሉ፤ እጁን አውለብልቦላቸዋል። ሌላ ልጅ ከአለቱ ሲዘል ሊያዩ ሁሉም ዞሩ። ሲመለሱ አልነበረም። ሾላው ሥር ማንም አልተቀመጠም። ለቅሶው ላይ አንዳንዶቹ ስሙን ያስያዘችው ያቺ ሴት ናት አሉ፤ ማሻ ሆናም።

እናቴ ከዚያ ለቅሶ ተመልሳ ውሃ አሞቀች፤ ሳፋውን ጓሮ አወጣች፤ ልታጥበኝ አስቀመጠችኝ። ሳሙናውን ላስለቅቅ ፊቴን ውሃው ውስጥ ነክሬ ቀና ስል፣ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። ዓይኗን አታርገበግብም። እጇ ላይ ያለው ሳሙና ይንጠባጠባል።

«ስምሽ ማነው?» አለችኝ።

ለቅጽበት ያስማለችኝን አሰብኩ። እሷም ያሰበች ይመስለኛል።

«ምሥራቅ» አልኩ።

«ጎሽ» አለች። ደግማ ውሃ አፈሰሰችብኝ፤ ደግማ ጠየቀችኝ። ስለ እትዬ አስካለ አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። በድላት እንደሆነም አልተናዘዘችም። ካረጀች በኋላ ግን አዲስ አበባ እኔ ጋ ስትኖር፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ዝም ካልኩ ከሳሎን ትጠይቀኝ ነበር። እኔም የልጆች እናት፣ ጎልማሳ ሴትዮ፣ ከነሳሙናዬ ስሜን እጮህ ነበር። ማሻ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ እትዬ አስካለን የሚያውቃት ሰው አላገኘሁም። ከእሷ የቀረልኝ የእናቴ ጥያቄ ነው።

እናንተም ልጃችሁን ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም የሆቴል ገንዳ ስትወስዱ፣ ከውሃ ብቅ ሲል አታጨብጭቡለት፣ ፎቶ አታንሡት፣ ፊታችሁንም አታዙሩ። ስሙን ጠይቁት። እስኪመልስላችሁ ድረስም ከቦታችሁ አትነሡ።